የእትዬ ታይቱን ድምፅ ማን ቆረጠው?

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ ምንም የለም። ጣቢያ ገባሁ፣ የስቱዲዮውን ኮምፒውተር አቧራ አራገፍኩ፣ ፊርደውስ ከቤት ያመጣችውን ሳምቡሳ በላሁ። የአድማጮችን ስልክ ተቀብላ ወደ ስቱዲዮ የምታስገባው እሷ ናት። እኔ ደግሞ "የቴክኒክ ባለሙያ" እባላለሁ… ሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ ገመድ የሚነካ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው።

ድምፅ የሚያስገባውና የሚያስወጣው አዲሱ ሳውንድ ካርድ ተገጠመ። ከአሮጌው ኮምፒውተር ጋር አልግባባም ብሎኝ ስለነበር ድራይቨሩን ራሴ ጻፍኩለት። ፊርደውስ "እሱ ደግሞ ምንድን ነው?" አለችኝ። አስተርጓሚ ነው አልኳት። ካርዱ አንድ ቋንቋ ይናገራል፣ የኮምፒውተሩ ዋና አእምሮ፣ ከርነሉ፣ ሌላ። በመሃል ቆሞ የሚያግባባቸው ድራይቨሩ ነው። "እንግዲህ እንደኛ አገር ሰው ሁለት ቋንቋ ይችላል ማለት ነው" አለች። ወደድኩላት።

ማክሰኞና ዓርብ በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ ተረት የሚያወጉልን እትዬ ታይቱ ነገ በአዲሱ ካርድ አየር ላይ ይወጣሉ። ደስ ይላል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ደስ አይልም።

እትዬ ታይቱ በኽምጣና ተረት ጀመሩ። ፍየሎች ተሰብስበው ጅብን "ዘበኛ እንቅጠርህ?" ይሉታል። ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይሄድ ነበር። ልክ ጅቡ ሊመልስ ሲል ፊርደውስ የመጀመሪያውን ደዋይ አስገባች… ቋ! ቋ! ቋ! ጅቡ ምን እንዳለ ዋግ ኽምራ በሙሉ አልሰማም።

እሳቸው ግን ቋ ቋውን አልሰሙትም። ማዳመጫ አያደርጉም፣ ሻሻቸውን ያበላሽባቸዋላ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ደዋዩን ሁሉ እንደ ተማሪ ነው የሚይዙት። ዛሬ አንዱን "አፍህ ውስጥ ያለውን መጀመሪያ ዋጥ" አሉት። እውነትም እየበላ ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ዛሬም ቋ ቋ። የባሰው ግን ከሰሃላ የደወለው ሰውዬ ነው። በአየር ላይ! "እትዬ፣ ምላስዎ ይያዝ ጀመር እኮ። እርጅና ነው መሰል… ጠበል ቢሞክሩ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን በስልክ ያንበረክኩት ነበር። ዛሬ ግን ወደ ቀጣዩ ደዋይ አለፉ። ሲወጡ እጄን ያዝ አድርገው "ንብረት ልጄ፣ እውነቱን ነው እንዴ?" አሉኝ።

"ኧረ እትዬ፣ ማሽኑ ነው!"

"ልታጽናኚኝ ነው።"

አላመኑኝም። አንጀቴን በሉት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

አገኘሁት! የቅድሚያ ነገር ነው።

ከርነሉ ውስጥ ብዙ ሥራ እየተሻማ ይሮጣል። እኔ ክር እላቸዋለሁ። ድምፁን ለካርዱ የሚያደርሰው ክር ለአፍታ ከዘገየ ቋ! ይላል። እና "ሪል ታይም" የሚባል ቅድሚያ አለ፣ ከ1 እስከ 99። ትልቅ ቁጥር ያለው ሲመጣ ትንሹ ይነሳለታል። እኔ ለድምፁ ክር ስንት ሰጠሁት? 99። ማን ይቀድመዋል እንግዲህ? በራሴ ኮራሁ፤ ምሳዬን ሁለት ጊዜ በላሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ኩራቴ በአፍንጫዬ ወጣ።

ኮምፒውተሩ በቁሙ ደረቀ። ባለ 99ኙ ክር "አለቀ? አለቀ? አለቀ?" እያለ ሳያርፍ ካርዱን ሲጠይቅ ሌላውን ሁሉ አላስጠጋ አለ። ማውሱ አይንቀሳቀስ፣ ኪቦርዱ አይሰማ። ካርዱም የመጨረሻዋን ድምፅ ይዞ ደጋገማት… እትዬ ታይቱ "እእእእእእእ…" ሲሉ ሰቆጣ ሰማ፣ የዋጉ ዝቋላ ሰማ። ሶኬቱን ነቀልኩት።

ወደ ቤት ስሄድ ባጃጅ ውስጥ ሹፌሩ "እእእእ" እያለ ይስቃል። ልወርድ ምንም አልቀረኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ክሩ በመሃል እንዲያርፍ አደረግሁ፣ ቁጥሩንም ወደ 80 አወረድኩት። መድረቁ ቀረ። ቋ ቋው ግን አለ… ስልክ ሲገባ ብቻ! ለምን? ድምፁ 80፣ ስልኩ 50፣ ድምፁ ከፍ ዝቅ ሲል ከፊታችን ብልጭ የምትለዋ የመለኪያ መብራት 10። ስልኩ ከድምፁ በታች ነው። የበታቹ የበላዩን እንዴት ያስቆመዋል? ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው።

ከፕሮግራሙ በኋላ እትዬ ታይቱ አለቃችንን ጋሽ ደግሰውን ጠርተው፣ እኔም እየሰማሁ፣ "እስከ ህዳር ሚካኤል እሠራለሁ። ከሚካኤል በኋላ ሰው ፈልጉ። ሳይሳቅብኝ በክብር ልውረድ" አሏቸው። ጋሽ ደግሰው ለመኑ፣ አልሆነም። በኽምጣና እንዲያ የሚያወጋ ሰው ከየት ይመጣል? በእኔ ድራይቨር ምክንያት! መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ይኸው ጻፍኩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ቋ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

የንስሐ አባታችን አባ ገብረ ሊባኖስ ሳይታሰብ ቤት መጡ። ለቂጣ የሚሆን ዱቄት የለም። እማዬ ማሽላ አሸክማ ወፍጮ ቤት አበረረችኝ።

የገበያ ቀን ስለሆነ ሰልፍ ነው። ከዝቋላ የመጡ ሴትዮ "መሽቶብኝ" አሉ፣ አሳለፍኩ። ሕፃን ያዘለች መጣች፣ አሳለፍኩ። ምርኩዝ የያዙ አባት መጡ፣ አሳለፍኩ። እኔ ወጣት ነኝ፣ ቤቴም ቅርብ ነው፤ ምን ብዬ እምቢ እላለሁ? ሰልፉ ይሄዳል፣ እኔ እዚያው ነኝ።

ስልኬ ጮኸ። የእማዬ ድምፅ ወፍጮውን ይበልጣል። "አንቺ! ልታስፈጪ ነው ልትዘሪ የሄድሽው? አባ ገብረ ሊባኖስን ጦማቸውን አስቀምጠሽ!"

ሰልፉ ሁሉ ዞረ። ባለ ምርኩዙ አባት "የአባ ነው እንዴ? አፍ የለሽም?" ብለው ተቆጡኝ። ጆንያዬን ሌሎች ተቀባብለው ፊት አደረሱት። ማንም ቅር አላለውም። በዱቄት ነጭ ሆኜ ቤት ገባሁ፤ አባ ስቀው መረቁኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ቅዳሴ ላይ ቆሜ… ወፍጮ ቤቱ! (ይቅር በለኝ፣ ሐሳቤ ቅዳሴው ላይ አልነበረም።)

መብራቷ እኔ ነኝ! ድምፁ አባ ገብረ ሊባኖስ ናቸው!

ካርዱን በአንድ ጊዜ አንድ ክር ብቻ ነው የሚነካው፤ የሚነካው ቁልፍ ይይዛል። ምስኪኗ መብራት፣ ባለ 10ሯ፣ ቁልፉን ይዛ እየሠራች ሳለ ስልኩ ከች ይላል። 50 ነውና ትነሳለታለች… ቁልፉን እንደያዘች! ድምፁ 80 ይሁን 99 ምን ዋጋ አለው? ቁልፉ እስኪመጣ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ የአባን ክብር ስጨምር! ትልቅ ሰው እየጠበቃት መሆኑ መነገር ያለበት ለሰልፉ ነበር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ከርነሉ ለካ ለዚህ የሚሆን ቁልፍ አለው። እኔ ነኝ ተራውን ቁልፍ የተጠቀምኩት። በዚህኛው፣ ባለ 80ው የሚጠብቃት ባለ 10 ቁልፉን እስክትመልስ ድረስ 80 ትሆናለች። ስልኩ አያስነሳትም። ስትመልስ ያው ወደ 10ሯ። እኔም በሚቀጥለው ገበያ ሰልፉ ጭራ ላይ ነኝ፣ ምን ይደረግ።

ቀየርኩት። ጥቂት መስመር ብቻ ናት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ስልኩ ሳያቋርጥ ገባ። አንድም ቋ የለም። ፊርደውስ ከመስታወቱ ወዲያ እስክስታ ወረደች።

እትዬ ታይቱ ግን ምንም አልተለወጡም። "ዛሬ ጥርት ብለዋል!" ስላቸው "እሺ ልጄ" ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። ማሽኑ እንደነበር እንዴት ነው የማሳምናቸው?

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

ሐሳቡ የፊርደውስ ነው፣ ልጅቷ ጉድ ናት። ከፕሮግራሙ በኋላ፣ አየር ላይ ሳንሆን፣ አሮጌውን ድራይቨር መለስኩት። እትዬ ታይቱን በግድ ማዳመጫ አስደረግናቸው። ጋሽ ደግሰው ዜና እንዲያነቡ ሆነ፤ ፊርደውስ ስልክ ታስገባለች።

"የዞኑ አስተ… ቋ… ዳደር ዛሬ ባካ… ቋ ቋ… ሄደው…"

እትዬ ታይቱ ዓይናቸው ፈጠጠ። ከዚያ ሳቁ… ሳቁ… ሻሻቸው እስኪወርድ። "ደግሰውም አረጀ በሉኛ!" አሉ። ጋሽ ደግሰው ምን እንዳሳቃቸው አልገባቸውም፣ ማንበባቸውን ቀጠሉ።

ቆይቶ ግን የእትዬ ታይቱ ፊት ጨለም አለ። "እኔስ አመንኩሽ። ሰዉንስ? ሰው አንዴ አርጅታለች ካለ አለ ነው።"

"ስለዚህ ፕሮግራሙን ይተዋሉ?"

"እስከ ሚካኤል ብያለሁ።"

ዓርብ፣ ህዳር 6

ጋሽ ደግሰው ምትክ ሊፈትኑ አንድ ጎረምሳ አመጡ። ኽምጣናው እንደ እኔ እንግሊዝኛ የተሰባበረ ነው።

ማክሰኞ፣ ህዳር 10

ሐሙስ ሚካኤል ነው። ስለዚህ የዛሬው የመጨረሻቸው ነበር።

እትዬ ታይቱ ሳይታሰብ "ያን ቀን ያልሰማችሁትን ልድገምላችሁ" ብለው የጅቡን ተረት አነሱ። ፍየሎቹ ተሰበሰቡ። "ዘበኛ እንቅጠርህ?" አሉት። ጅቡም ቀና ብሎ አያቸውና…

ጸጥ።

ኪቦርዱ ላይ ዘለልኩ። ድራይቨሩ ደህና ነው፣ ካርዱ ደህና ነው፣ መብራቷ ግን ጨልማለች… የፊርደውስ ስልክ በአንዴ ተንጫጫ። የመጀመሪያውን አስገባችው። ያ የሰሃላው ሰውዬ! "ተቆረጠ! እባካችሁ ተቆረጠብን! ጅቡ ምን አለ?"

እትዬ ታይቱ ተደላድለው ተቀመጡ።

"ምንም አልተቆረጠም። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ጅቡ እያሰበ ነው፤ አንተም አስብ።"

ሰውዬው "እሺ እትዬ" አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

"ጅቡ ምን ብሎ እንደመለሰ ዓርብ አንድ በአንድ እጠይቃችኋለሁ። ያላጠና እንዳይደውል።"

ፊርደውስ በመስታወቱ አፍጥጣ አየችኝ። እኔም እሷን። ሚካኤል ሐሙስ… ዓርብ ከሚካኤል በኋላ ነው!

እትዬ ታይቱ ነጠላቸውን እያጣፉ በአጠገቤ ሲያልፉ "አንቺም አጥኚ" አሉኝ።