ለሲላስ ማር ቃል ስፈልግ

ለውድ እህቴ ትዝታ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የጌታ ሰላም ካለሽበት ኩዌት ይድረስሽ። ቲጂዬ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? አሰሪሽ የአርብ እረፍትሽን አልከለከለችሽም? ሙቀቱስ በረደላችሁ? እማዬም፣ ትንሿ እህታችን ረድኤትም፣ እኔም በጤና አለን። ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍልሽ ግን ሲላስ ካረፈ ወዲህ ይህ ቃል እጄን ይከብደዋል።

የምጽፍልሽን በስልክ ያልነገርኩሽ እማዬ አጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። የወንድማችን ስም ሲነሳ ስልኩን ትቀበለኝና ሁለታችሁም ማልቀስ ትጀምራላችሁ። የጎረቤታችን ልጅ ሀጂራ እረፍቷን ጨርሳ ወደ እናንተ ስለምትመለስ ይህን በእሷ ልኬልሻለሁ።

ነገሩ የማሩ ጉዳይ ነው። ሲላስ ያ ሞተር ሳይክል ከመገልበጡ በፊት ከሸኮ የገዛው ነጭ ማር እስካሁን ጓዳ ውስጥ በየባልዲው እንደተከደነ ነው። አስረስ፣ የጠጅ ቤቱ ባለቤት፣ የለቅሶው ድንኳን ሳይነሳ ነበር የጠየቀን። እማዬ እስከ ገና ገዢ ካልመጣ ለእሱ እሰጠዋለሁ ብላለች። አስረስ ደግሞ ከጥቁሩ ማር ጋር ደባልቆ ጠጅ ይጥልበታል። ሲላስ ቀፎ ለቀፎ እየቀመሰ፣ ሌላ አበባ የገባበትን እየመለሰ የሰበሰበው ማር እንደዚያ ሲሆን ማየት አልችልም። እሱ የከፈተው የኢንተርኔት ገጽ አለ፤ በዚያ እንሽጠው ብዬ ለመንኳት።

ገጹን ግን ማንም አያየውም ነበር። ከትምህርት ቤት ስወጣ አማን ወዳለው ወደ ሸምሱ ኢንተርኔት ቤት እየሄድኩ ምክንያቱን ጠየቅሁት። ሲላስ ከላይ በትልቁ የጻፈው «የሲላስ የገተማ ማር» የሚል ነው። የእኛ አገር ሰው ማርን የሚለየው ንቧ በቀሰመችው ዛፍ፣ ነጩንም በገተማ ዛፍ ስለሆነ ለእሱ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር አልነበረም። ሸምሱ ሳቀብኝ። «አንተ ልጅ፣ አዲስ አበባ ያለ ሰው ገተማን የት ያውቀዋል? ገተማ ብሎ የሚፈልግ ጦጣ ብቻ ነው!» አለኝ። እኔም ሳቅሁ፤ እሱ ካረፈበት ከሐምሌ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ መሰለኝ።

ከዚያ ቃል አፈላለግ አስተማረኝ። መፈለጊያው ላይ «ማር» ብለሽ ስትጀምሪ ሰዎች አዘውትረው የሚጽፉትን ራሱ ከስር ይደረድርልሻል። «ማር» ብቻውን አይሆንም፤ ትልልቆቹ ድርጅቶች ይዘውታል፣ የእኛ ገጽ ከእነሱ ኋላ ተቀብሮ ይቀራል። «ማር ለጉንፋን» የሚል ሰው ምክር እንጂ ማር አይገዛም። «ንጹህ ነጭ ማር የት ይገኛል» የሚል ግን ገንዘብ ሊያወጣ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። እንዲህ ረዘም ያለውን ቃል የሚፈልጉት ጥቂት ናቸው፤ ቢሆንም ፉክክሩም ያንሳል፣ የሚመጣውም ገዢ ነው። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፈውም ብዙ ስለሆነ እሱንም ጨመርኩ። አዲስ አበባ ዘመድ ያላቸውን የክፍሌን ልጆች ዘመዶቻችሁ ማር ለመግዛት ምን ብለው ይጽፋሉ እያልኩ ጠየቅሁ። ሸኮ ወርጄ ንብ አናቢውን አቶ ተረፈንም ስጠይቃቸው «ማር ፈልጎ የሚጽፍ ሰው አላውቅም፤ ማር የፈለገ ወደ እኔ ይመጣል» አሉኝ። ደክሞኛል ቲጂዬ። የፊዚክስ ፈተናዬንም አበላሸሁ።

በመጨረሻ ሸምሱ ከላይ ያለው ርዕስ «ከሸኮ ጫካ የመጣ ንጹህ ነጭ ማር» ይሁን፣ የሲላስ ስም ይውጣ አለኝ። የማያውቁትን ስም የሚፈልግ ስለሌለ ቦታ ይይዛል ብሎ ነው። ልክ ነበር፤ እኔ ግን አጠፋዋለሁ ስል ጣቴ እምቢ አለኝ። መቃብሩ ላይ ያለውን ስም የምፍቅ መሰለኝ። ለዛሬ ይቅር ብዬው ወደ ቤት ገባሁ።

በማግስቱ ሸምሱ ጠራኝና ሰዎች በምን በምን ቃል ፈልገው ገጹን እንዳገኙ አሳየኝ። ባዶ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ብቻ፣ ከከተማችን ስም ጋር፣ «ሲላስ ሚዛን ማር» የሚል አለ። ከኩዌት ነው። የሚፈለገውም አርብ አርብ ነው።

ሸምሱ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ወጣ አለልኝ። አንቺ ነሽ አይደል? ፎቶውን ለማየት ነው የምትገቢው፣ ያንን ሁለት ባልዲ ይዞ የሚስቅበትን። እኔም እዚህ ሆኜ የማደርገው ያንኑ ነው፤ ለብቻዬ ይመስለኝ ነበር። ለእማዬ አልነገርኳትም።

ያን ቀን ርዕሱን ቀየርኩት። ለማያውቁት ሰዎች እነሱ የሚጽፉትን ቃል ሰጠኋቸው። ስሙን ግን ከፎቶው ስር፣ ከገተማው ጋር፣ ሲላስ ራሱ እንደጻፈው ትቼዋለሁ። ትናንት አንዲት ሴት ከአዲስ አበባ ደውላ ነጩ ማር አለ ወይ አለችኝ። አለ አልኳት። ለቅምሻ ላክልኝ አለች። እማዬ ከበሩ ስር ቆማ ትሰማ ነበር፤ ሄዳ ለማሩ ማሰሮዎች ማጠብ ጀመረች። እስከ ገና የሚሆነውን እግዚአብሔር ያውቃል።

እማዬ ጉንጭሽን ስማሻለች፤ ራስሽን እንዳትጎጂ ትላለች። ረድኤት ጥርሷን ነቅላለች፣ ንገርልኝ ብላለች። የሀጂራ እናት፣ አቶ ተረፈና ሸምሱም ሰላም ብለውሻል። እኔን ወንድምሽን በጣም ናፍቀሽኛል። አርብ ስትገቢ እንዳትደነግጪ፤ ስሙን ከላይ ብታጪው ወደ ታች ውረጂ፣ እዚያው አለ።

ወንድምሽ ኤፍሬም
አማን፣ ኅዳር 24 ቀን 2009 ዓ.ም.