የካፖርቱ ጀርባ

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6 ቀን
ከስፌት ቤቱ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበሬ

ለጭራሮዬ፣ ለልጄ፣

እንዴት ነሽ ብዬ አልጀምርም። በደወልኩ ቁጥር ባልሽ "ተኝታለች እማማ" ይለኛል። ጠዋት ተኝታለች፣ በምሳ ሰዓት ተኝታለች፣ ከሥራ ስወጣም ተኝታለች። ትናንት "ልጄ፣ ሚስትህ ድመት ሆነች እንዴ?" ብዬ ብጠይቀው ሳቀና ወዲያው ወሬ ቀየረ። ደግ ሰው ነው፤ ውሸት አያምርበትም። ልታናግሪኝ እንደማትፈልጊ ገብቶኛል። ስልክ ይዘጋል፤ ደብዳቤ ግን አንዴ ከተከፈተ ጥቂትም ቢሆን ይነበባል ብዬ ነው መጻፌ።

ሦስት ሳምንት ሆነው። ያን ቀን ያልሽኝ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። "እማዬ፣ ያልሽኝን ሁሉ አደረግሁ። ሊፍቱን ትቼ በደረጃ ወጣሁ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ እግሬ አልነሳ አለኝ። ጎረቤቶች ናቸው ተሸክመው ያስገቡኝ።" እኔስ ምን መለስኩልሽ? "እርግዝና በሽታ አይደለም! እኔ አንቺን እስከወለድኩበት ቀን ድረስ የስፌት መኪናዬ መርገጫ ላይ ነበርኩ።" አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ስልኩን ዘጋሽው።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ። ማንበብ እንዴት እንደተማርኩ ታውቂያለሽ። ቆራጫችን፣ አንቺ በልጅነትሽ "አጎቴ መቀስ" ያልሽው፣ የልብስ ልክ የሚያወጣው በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። እኔም ፊደል የለየሁት ከጠረጴዛው ሥር በምጠርገው ቁርጥራጭ ነው። ስለዚህ የማውቀው ነገር ሁሉ ግማሽ ነው። አንድ ጎርፍ መንደር መውሰዱን አንብቤ፣ ሰዎቹ ይትረፉ አይትረፉ ሳላውቅ ሃያ ዓመት አለፈኝ።

ዳሌሽና ከፊት ያለው አጥንትሽ እንደተሰነጠቀ ሳህን እንደሚያምሽ፣ አልጋ ላይ መገላበጥ እንዳቃተሽ የነገርሽኝ ለት፣ ትዝ ያለችኝ መኪናዬ ላይ የለጠፍኳት ቁራጭ ናት። የልጅ ካፖርት የፊት ልክ ነበረች፤ ጫፏ ተቀዶ አጎትሽ መቀስ ሲጥላት አነሳኋት። "እርጉዝ ሴት በየቀኑ ብትራመድና ደረጃ ብትወጣ ለወሊድ ይረዳታል" ትላለች። ከዚያ የብብቱ ክብ ይመጣና ወረቀቱ ያልቃል። ነገሩም እዚያው ያለቀ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ፤ ለአንዴ እንኳ በተጻፈ ነገር ልመክርሽ ነው።

ስልኩን በዘጋሽው ማግሥት መቀስ ዘንድ ሄድኩ።

"የዚህ ካፖርት ጀርባ የት አለ?" አልኩት።

"የቱ ካፖርት?"

"የልጁ ነዋ። ፊቱ እኔ ጋ ያለው።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ያ ልጅ ይሄኔ ፂም አውጥቷል።"

"ልጁን ምን ላደርገው! ጀርባውን ስጠኝ።"

ፊቴን አየና ቀልዱን ተወው። ወንበር ላይ ወጥቶ ምስማሩ ላይ ከተሰቀሉት ወረቀቶች አንድ በአንድ አወረደልኝ። ጀርባውን አገኘሁት። ከብብቱ ክብ ወዲያ ነገሩ ይቀጥላል፦ "የዳሌ አጥንት ሕመም ያለባት ሴት ግን ደረጃና ረጅም መንገድ ሕመሟን ያባብስባታልና ዕረፍት ያስፈልጋታል።" ቆሜ ሁለቴ አነበብኩት።

"ምን ይላል?" አለኝ።

"ልጄን ምን እንዳደረግኋት ይላል።"

መቀሱን አስቀመጠ። በሥራ ሰዓት መቀሱን ሲያስቀምጥ ያን ቀን ገና ማየቴ ነው።

ከዚያ ወዲህ ግማሽ ወረቀት አላምንም። ከመንገዱ ማዶ ካለው ጤና ጣቢያ ገብቼ አዋላጇን ጠየቅኋት፤ ያለችኝንም እያስደገምኩ ጻፍኩ። ሕመሙ ልጁን አይጎዳውም፤ ይህችን ሦስት ጊዜ ነው ያስደገምኳት። ሱሪሽን ቁጭ ብለሽ ልበሺ፤ በአንድ እግር አትቁሚ። ስትገላበጪ ጉልበቶችሽን ግጠሚ፣ ስትተኚም ትራስ በመሃላቸው አድርጊ። ከመኪና ስትወርጂ ሁለቱም እግር አንድ ላይ። እርምጃሽ አጭር ይሁን። ለሐኪምሽም ሳትደብቂ ንገሪያት፤ እንዲህ ያለውን ሕመም የሚያዩ ባለሙያዎች አሉ አለች። ዳሌን ደግፎ የሚይዝ ቀበቶም አለ፤ ለብዙዎች ሕመሙን ያቀልላቸዋል።

ስወጣ "ይቅርታ እናቴ፣ እርስዎ እሷን ሲያረግዙ አላመመዎትም?" አለችኝ። እንዳልሰማ ሆኜ ወጣሁ።

ለእሷ ያልመለስኩትን ለአንቺ ልመልስ። አሞኛል። መርገጫው ላይ ነበርኩ ያልኩሽ ውሸት ነው። በስምንተኛው ወር ከአልጋዬ እስከ በሩ የምደርሰው ግድግዳ ይዤ ነበር፤ በመጨረሻም ዳህኩ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ "ስንፍና ነው፤ እኔ ስድስት ወልጄ እንዲህ ሆኜ አላውቅም" አለችኝ። ያችን ቃል ይቅር አላልኳትም። አንቺን አቅፌ ከቤቷ ወጣሁ። ትንሽ ሆነሽ "እኔ አያት የለኝም?" ስትዪኝ "ሩቅ ናት" እልሽ ነበር። ቤቷ ከእኛ ሁለት መንገድ አልፎ ነበር። መሞቷንም ከሰው ነው የሰማሁት።

ዕቃዋን ላነሳ ስገባ፣ ከአልጋዋ እስከ በሩ ያለው ግድግዳ፣ በእጅ ቁመት፣ ቀለሙ በመዳበስ ብዛት አልቆ አየሁት። እርጅናዋ ይሁን፣ ስድስቱ እርግዝና ይሁን፣ የምጠይቃት አልነበረችም። ይኸው እኔም የእሷን ቃል ልብስ ቀይሬለት ላንቺ ላክሁት።

ቀበቶውን እኔ ልሰፋልሽ ነው። ጠንካራ ጨርቅ መርጫለሁ፤ ቆዳሽን እንዳይፍቅሽ ውስጡ ለስላሳ ይሆናል። መቀስ "ልኳን አምጪ" አለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ልብስሽን እሰፋ የነበርኩ ሴት፣ ዛሬ ልክሽን አላውቀውም። ስለዚህ ከደብዳቤው ጋር ክር አለ፤ ቀይ ነው። ከሆድሽ በታች፣ በዳሌሽ ላይ አዙሪውና የሚገናኝበት ላይ ቁረጪው። አትጎንበሺ፤ ባልሽ ያዙርልሽ። በፈጣን ፖስታ ሳምንት አይፈጅም፤ ስምንተኛ ወርሽም ገና መግባቱ ነው፣ ይደርሳል። ቃል መጻፍ የለብሽም። ተቀይመሽም ቢሆን ክሩን ብቻ ላኪው።

መቀስ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል። "ክሩ እስኪመጣ ሌላ ነገር አልቆርጥበትም" ብሎ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ተጠግቶ ይሠራል። እኔም ፖስተኛው ባለፈ ቁጥር መኪናዬን አቆማለሁ።

የተሸከምሽው በሰላም ከእቅፍሽ ይግባ። ጉልበትሽ ይመለስልሽ። ልጅሽም አድጎ "እኔ አያት የለኝም?" ብሎ አይጠይቅሽ።

ግማሽ አንባቢዋ፣
እናትሽ