በራሱ ሣር የሚታሰር ሣር፦ የአቶ እንዳለው ሙጬ የሕይወት ታሪክ

አቶ እንዳለው ሙጬ ከአባታቸው ከአቶ ሙጬ አለበል እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እህተ ማርያም ክንዱ፣ በቀድሞው ጎጃም ጠቅላይ ግዛት፣ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ፣ ጨፌው ዳር ባለችው መንደራችን በ1952 ዓ.ም. ተወለዱ። ከእሳቸው በፊት የተወለዱት ልጆች አላደጉም ነበር። እናታቸው ይኼኛውን ሲታቀፉ ብዙ ለመመኘት ፈሩ። አምላክ እንዳለው ይሁን ብለው ስሙን በዚያው አወጡለት።

ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ ቡሬ ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1968 ዓ.ም. አባታቸው ሲያርፉ ትምህርቱን ትተው ሞፈር ጨበጡ። በ1974 ዓ.ም. በአንድ የመንግሥት እርሻ በትራክተር ረዳትነት ተቀጠሩ፤ ቆይተውም ሹፌር ሆኑ። እርሻው እስኪበተን ድረስ እዚያው ሠርተው ወደ መንደራቸው ተመለሱ።

በ1977 ዓ.ም. ከወይዘሮ አልጣሽ ይታገሱ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ንጋትን፣ ያምሮትንና ቻላቸውን ወለዱ። ያምሮትን በሕፃንነቷ ኩፍኝ ወሰዳት። አቶ እንዳለው ስሟን ከዚያ ወዲህ ሲያነሱ የሰማ ብዙ ሰው የለም።

የመንደሩ ገበሬዎች ማኅበር ትራክተር ሲገዛ መንዳቱ ለልጃቸው ለቻላቸው ተሰጠ፤ እሳቸው የማኅበሩ አማካሪ ሆኑ። ጨፌው የጋራ ነው። ጥቅምት ላይ ሣሩ ታጭዶ ድርቆሹ በሬውንና ላሟን እስከ ክረምት ያሻግራል። ወጣቱ ወደ ከተማ እየሄደ በማጭድ የሚያጭድ ክንድ ስላነሰ፣ ማኅበሩ በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ከሌላ ወረዳ በትራክተር የሚጎተት ማጨጃ ተከራየ። ማሽኑ ሣሩንም ቁጥቋጦውንም በመዶሻ መሰል ቢላዎች እየቀጠቀጠ የሚያልፍ ነበር። ጨፌው በአንድ ቀን ባዶ ሆነ፤ ሁሉም ተደሰተ።

ችግሩ የታየው ሊታሰር ሲል ነው። በአገራችን ድርቆሽ በገመድ አይታሰርም። ከራሱ ከሣሩ ሁለት ጭብጥ ተገምዶ ነዶው በዚያው ይታሰራል። የተቀጠቀጠው ሣር ግን አጭር ሆኖ አልገመድ አለ። መታሰርም መሸከምም ሳይቻል ሜዳ ላይ እንደተበተነ የኅዳር ዝናብ መጣበትና ሻገተ። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ በሬዎቻችንን በጭራቸው እየያዝን ነው ያስነሣናቸው። ያልተነሡም ነበሩ።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. ማኅበሩ የራሱን ማጨጃ ለመግዛት ሲወስን መራጩ አቶ እንዳለው ሆኑ። ፍኖተ ሰላም ከአንድ ነጋዴ ዘንድ ሄደው ሁለት ዓይነት አዩ። አንዱ ያው ቀጥቃጩ ነው፤ ነጋዴው ድርቆሽም፣ የቦይ ዳር ሙጃም፣ እሾህና ቁጥቋጦም አይመርጥም እያለ «ሁሉን አጫጅ» ይለዋል። ሌላው በጎን የተዘረጋ ረጅም ብረት ላይ ጥርስ የተደረደረለት፣ ሣሩን ከሥሩ ቆርጦ በቁመቱ የሚያስተኛ ነው። ቁጥቋጦ ከነካ ግን ጥርሱ ይሰበራል። ሁለቱ ማሽኖች በሙከራ ካጨዱት ላይ አቶ እንዳለው ጭብጥ ጭብጥ አንሥተው ገመዱ። ባለ ጥርሱ ያጨደው ታሰረ።

በስብሰባው ላይ የማኅበሩ ሰብሳቢ አቶ ወንዳወቅ፣ «ጋሼ እንዳለው፣ ሁሉን አጫጁ ቆሞ እያለ ጥርሳሙን ሊያመጡልን ነው? ሲወልቅበትስ ማን ሊተክልለት ነው?» ብለው ሰዉን አሳቁ።

አቶ እንዳለውም፣ «ሁሉን አጫጅ አንድ ነው። እሱ ሳንገዛውም ይመጣል» አሉ።

ሳቁ ቆመ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «በሉ እንግዲህ፣ እንዳለው እንዳለው ይሁን» ብለው ነገሩን ዘጉት። ባለ ጥርሱ ተገዛ።

ይህ ምርጫ ማንን እንደሚጎዳ አቶ እንዳለው ያውቁ ነበር። የመስኖው ቦይ በደንገልና በእሾህ ተውጧል፤ የቦዩ መጨረሻ ደግሞ የእሳቸው የሽንኩርት ማሳ ነው። ቀጥቃጩ ቢገዛ ኖሮ ቦዩ ይጠረግ፣ ውኃውም ይደርሳቸው ነበር። ወይዘሮ አልጣሽ ያን ማታ፣ «አንቱ፣ ጫፍ ላይ ያለው ማሳ የማን እንደሆነ ጠፍቶዎት ነው?» ሲሏቸው «አልጠፋኝም» ብለው ተኙ።

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት አዲሱ ማጨጃ ጨፌው ላይ ወረደ። ማኅበሩ አጨዳው ሲያልቅ ቦዩን በወንፈል እንደሚጠርግላቸው ቃል ገብቶ ነበር። የሽንኩርቱ መትከያ እንዳያልፍባቸው ሠግተው፣ ቻላቸው በጨፌው ሲያጭድ እሳቸው በማጭድና በገጀራ ብቻቸውን ቦዩ ውስጥ ገቡ። ውኃ ውስጥ የቆመ የእሾህ ጉቶ ጫማቸውን በስቶ እግራቸውን ወጋቸው። በጨርቅ አሰሩት፤ ቦቲ ጫማ አጠለቁበትና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ወይዘሮ አልጣሽ ያወቁት ጫማው አልወልቅ ሲል ነው። ልጃቸውን ሊጠሩ ሲነሡ አቶ እንዳለው ያዟቸው። «ሣሩ ሳይታሰር ለቻላቸው እንዳትነግሪው። ከሰማ ትራክተሩን ያቆማል፤ ሰማዩም አላማረኝም።» ወይዘሮ አልጣሽ ሰማዩን አዩ፤ ያለፈውን ሚያዝያም አሰቡ። ቃላቸውን ጠበቁ። ይህ እንዲጻፍ የፈቀዱት እሳቸው ናቸው፤ ከዚህ በላይ እንዲጻፍ አልፈለጉም።

የመጨረሻው ነዶ ሲታሰር ቻላቸው ተነገረው። አባቱን በዚያው ትራክተር ቡሬ አደረሰ፤ ከዚያም በመኪና ወደ ፍኖተ ሰላም ተወሰዱ። ቁስሉ ደማቸውን መርዞት ስለነበር የሐኪሞቹ ድካም አልረዳም። ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። ዝናቡ በማግስቱ ዘነበ። ድርቆሹ ተከምሮ ነበር።

የማኅበሩ አባላት በትናንትናው ዕለት ቦዩ ውስጥ ገብተው የቀረውን አጭደዋል። ፊት ሆነው የገቡት አቶ ወንዳወቅ፣ አቶ እንዳለው ካቆሙበት ቦታ ማጭዳቸውን ዳሩ ላይ ተሰክታ አግኝተው ለወይዘሮ አልጣሽ አስረክበዋል። ውኃው ዛሬ ጠዋት ማሳው ደርሷል። ያልተተከለ ማሳ ነው።

አቶ እንዳለው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ያምሮትን ግን ዛሬ ያገኟታል ብለን እናምናለን። ነፍሳቸውን ጥቅምቱ በማያልፍ፣ ሣሩም በማይጠወልግ መስክ ያሳርፍልን። ለእኛ እናታቸው በስማቸው የተዉልን ቃል ይበቃናል።

እንዳለው ይሁን።