የዛምዛም የመጀመሪያ ሥራ

ኅዳር 3

ሀርጌሳ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመርኩ። ሥራ ከተባለ... ጠረጴዛ አለ፣ ሁለት ወንበር አለ። መስኮቱ መስታወት የለውም፣ ላስቲክ ወጠርኩበት። ግድግዳው ግማሹ ተለስኗል፣ ግማሹ የጦርነቱ ጥይት እንደበሳሳው ነው። በሩ ላይ «ካሪየር ኦፊስ» ብለው በትልቁ ጽፈዋል።

ዘበኛው ቆሞ አነበበና፣ «ሥራ እዚህ ነው የሚሰጠው?» አለኝ።

«አይደለም። ሥራ እንዴት እንደሚፈለግ ነው የምናሳየው።»

ሳቀ። «መፈለግማ ማን ያቅተዋል? የጠፋው ሥራው ነው!»

ወደ ላስቲኬ ተመለስኩ።

የዩኒቨርሲቲው ዲን የቀጠሩኝ ድሬዳዋ ኮሌጅ ሬጅስትራር ስለነበርኩ ነው። ሶማሊኛውም እንግሊዝኛውም አያስቸግረኝም። «ልጆቹ ዘንድሮ ይመረቃሉ። ተመርቀው ወዴት እንደሚሄዱ የጠየቃቸው የለም። አንቺ ጠይቂልን» አሉኝ። ከበሩ ሳልወጣ ደግሞ ጨመሩበት። እስከ ሰኔ አንድም ተማሪ ሥራ ካልያዘ፣ ክፍሉን ቤተ መጻሕፍቱ ይወስደዋል።

ኅዳር 6

ማንም አልመጣም።

ኅዳር 12

መጡ። ወንበር አልበቃ ብሎ መስኮቱ ላይ ሁሉ ተቀመጡ። «ምን መሥራት ትፈልጋላችሁ?» አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ደፈረና፣ «የተገኘውን፣ ኢንሻአላህ» አለ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔ ቀላል ጥያቄ የጠየቅኩ መስሎኝ ነበር። ኋላ አንድ በአንድ ሳወራቸው ገባኝ። ግማሾቹ የተወለዱት ሽሽት ላይ ነው። ፊደል የቆጠሩት ስደተኛ ካምፕ ውስጥ፣ ድንኳን ሥር። ሲመለሱ ሀርጌሳ ጣሪያ ያለው ቤት አልነበራትም። እንዲህ ያደገ ልጅ «እፈልጋለሁ» ማለት ከየት ይልመድ?

ግን እዚህ ደርሰዋል። አካውንቲንግ ይማራሉ፣ ሕግ ይማራሉ። ሱብሃነላህ። ቤት ገብቼ ለታጁ ነገርኩት። ባለቤቴ ከበርበራ ወጃሌ የጭነት መኪና ይነዳል፣ የማያውቀው የለም። «እነዚህን ልጆች አታውቃቸውም» አልኩት።

ኅዳር 20

ዛሬ አንዲት ልጅ ሁሉም እስኪወጣ ጠብቃ ገባች። ቀጭን፣ ረጅም። ዛምዛም ትባላለች። ጂኦሎጂ፣ የመጨረሻ ዓመት። ቤቷ አያሃ ነው፣ ከከተማው ጫፍ፣ ከስደት ተመላሾቹ የሰፈሩበት። ተማሪዎቹ ሁሉ «ኤዶ» ነው የሚሉኝ፣ አክስት ማለታቸው ነው።

«ኤዶ ሀሲና፣ ያንን ጥያቄ ልመልስ?»

«የቱን?»

«ምን ትፈልጋላችሁ ያልሽውን። ከመሬት ሥር ውሃው የት እንዳለ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ከቦርሳዋ ድንጋይ አወጣች። ነጭ፣ ሸካራ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና በጣቷ ትንሽ ቅርጽ አሳየችኝ። ቀንድ አውጣ ይመስላል... «ይሄ ባሕር ውስጥ ይኖር የነበረ ነው። ያገኘሁት ከቤታችን ጀርባ ነው። እኛ የምንኖርበት የባሕር ወለል ነበር፣ ኤዶ።»

ድንጋዩን ይዤ ቀረሁ። በየቀኑ የምረግጠው ይሄን ነው? ባሕር? እሷ ደግሞ የዳቦ ዋጋ የምትነግረኝ ያህል ረጋ ብላ ነው የምታወራው።

ኅዳር 27

ሲቪ ልናዘጋጅ ቁጭ አልን።

«ምን ሠርተሻል?»

«ምንም።»

«እሺ፣ ክረምቱን ምን ስታደርጊ ነበር?»

«የሰፈር ልጆች ሒሳብ አስጠናለሁ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ቦቴው ውሃ ሲያመጣ ሰልፉን የማስይዘው እኔ ነኝ፣ እሱ ሥራ አይደለም።»

በጀሪካን ሰልፍ ስንቱ እንደሚፈነካከት አውቃለሁ። «ማን ሾመሽ?» አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች። ሴቶቹ ሲጣሉ አንድ ቀን መሃል ገባች፣ ከዚያ ወዲያ እሷ ከሌለች ቦቴውን አያስከፍቱም። በቃ። ይሄንን ስጽፈው አፍራ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። «ውሸት አይደለም ወይ?» ትላለች። የሠራሽውን ነው የጻፍኩት፣ የኔ ልጅ!

ጥር 14

ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ። ጅግጅጋ ያር የሚባለው ሰፈራችን ያሉትን ድርጅቶች ጨረስኩ። ስልክ ድርጅቱ ሁለት ተለማማጅ ልቀበል አለ። አንድ ክሊኒክም እሺ አለኝ። አልሐምዱሊላህ። የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪው ድርጅት ግን... ሥራ አስኪያጁ ኢንጂነር አደን ሻይ ጋበዙኝ፣ በጨዋ ደንብ አዳመጡኝ፣ ከዚያ እምቢ አሉኝ።

«እህቴ፣ እኛ ሜዳ ላይ በድንኳን ነው የምናድረው። ሁላችንም ወንዶች ነን።»

«ምግብ የሚሠራላችሁ ማነው?»

«አንዲት እናት አሉ።»

«እሳቸውስ የት ነው የሚያድሩት?»

«የራሳቸው ድንኳን አላቸው...» ብለው ሳቃቸው መጣ። «አምጫት። ላነጋግራት። ቃል ግን አልገባም።»

ጥር 18

የቃለ መጠይቅ ልምምድ። እኔ አሠሪ ሆንኩ፣ እሷ ከበር አንኳኩታ ገባች። «ስለራስሽ ንገሪኝ።» ስለ እናቷ ነገረችኝ። ስለ ሟች አባቷ፣ ስለ ጎሳዋ፣ ስለ መምህሯ ጎበዝነት።

«አንቺስ፣ ዛምዛም?»

«እኔማ አለሁ።»

ሳቅ ገደለን ሁለታችንንም። ሲበርድልን ግን ከበዳት። ስለራስ ማውራት ነውር ነው፣ እኔም ያደግኩት እንዲያ ነው። «መኩራራት አይደለም፤ ሰውየው እንዲያውቅሽ መርዳት ነው» አልኳት። ደገመች። ደጋግማ... «ተምረናል» ስትል፣ «ተምሬያለሁ በይ» ብዬ አስቆማታለሁ። በመጨረሻ ቀና ብላ አይኔን እያየች፣ «የድንጋይ ንብርብር ማንበብ እችላለሁ» አለች። ድምጿ የሌላ ሰው ነው የመሰለኝ።

ጥር 22

ተቀበሏት! ውጭ ሆኜ ስጠብቅ የኢንጂነሩ ሳቅ ይሰማኛል። ስትወጣ ራሷ ነገረችኝ። ከመጋቢት ጀምሮ ተለማማጅ።

«ለእናቴ ግን ማን ይነግራታል?» አለችኝ።

ጥር 25

አያሃ ሄድኩ። የዛምዛም እናት ዓሻ ቤቷ ደጃፍ ላይ የግመል ወተት ትሸጣለች። ጥሩ አድርጋ ተቀበለችኝ። የመጣሁበትን ስነግራት ግን ፊቷ ጠቆረ።

«ኮድቡር ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት መምህርት ይፈልጋል። ጠዋት ወጥታ ለዙሁር ሰላት ትመለስልኛለች። አንቺ በረሃ ልትወስጂብኝ ነው?»

«እኔ አይደለሁም የምወስዳት። እስቲ ራሷን ጠይቂያት።»

«ጠይቄያታለሁ» አለች ዓሻ። «ለዚህም ነው የተናደድኩት።»

ወተት የሚገዛ መጣ፣ ሄደ። እኔም መከራከሩን ተውኩት... እውነቷን ነው። ሀገር ሲፈርስ ይህችን ልጅ በጀርባዋ አዝላ በእግሯ ድንበር የተሻገረች ሴት ናት። «በረሃው አያስፈራም» ብዬ እኔ ላስተምራት?

ስነሳ፣ «ቦታው የት ነው?» አለችኝ። ከበርበራው መንገድ ትንሽ ገባ ይላል አልኳት። ባለቤቴ በዚያው እንደሚመላለስ ነገርኳት።

«ሲያልፍ ያያታል?»

«ያያታል።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

መጋቢት 4

ዛሬ ጠዋት ሄደች። ዓሻ የራሷን ብርድ ልብስ ጠቅልላ ሰጠቻት። አላለቀሰችም። መኪናው ከታጠፈ በኋላ ግን ክንዴን ያዘችኝና እስከ ቤቷ አልለቀቀችኝም።

መጋቢት 23

ታጁ አይቷት መጣ። «ሰላም ልላት ብጠራት እጇን አወዛውዛ ወደ ድንጋዩ ተመለሰች» ይላል። ከጉድጓዱ የሚወጣውን ፍርፋሪ በተራ በተራ ትደረድራለች፣ ትልሳለች ሁሉ አለኝ። ድንጋይ ትልሳለች! ተገርሞ አያባራም። እኔንማ አትጠይቁኝ።

ሚያዝያ 9

ዛምዛም ምን ሆነች? ከታጁ መኪና ወረደች፣ ቀጥታ ወደ ቢሮዬ መጣች። ከነአቧራዋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ደረቅ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ጉድጓዱ። እስከ ታች ወረድን። ደረቅ። ከእኔ ጋር ሆነው ነው ቦታውን የመረጡት፣ ኤዶ። ሰዎቹ ከብቶቻቸውን ይዘው ሲጠብቁ ነበር... አንዲት አሮጊት ጀሪካኗን ባዶውን ይዛ ስትመለስ አየኋት።»

ከዚያ፣ «ኮድቡር ያለውን ሥራ እይዛለሁ» አለች።

ስለ ሲቪ አውቃለሁ፣ ስለ ቃለ መጠይቅ አውቃለሁ። ስለዚህ ማንም አላስተማረኝም።

ሚያዝያ 10

ኢንጂነር አደን ጋ ደወልኩ። ያዘኑ መስሎኝ ነበር። «የቱ ጉድጓድ? እሱማ ደረቀ» አሉኝ እንደ ቀልድ። «እህቴ፣ እኔ የቆፈርኳቸው ደረቅ ጉድጓዶች አንድ ሰፈር ይሆናሉ። ደረቁም ይነግርሻል፤ እዚህ የለሁም፣ ወደዚያ ሂጂ ይልሻል። ልጅቷ ያን ድንጋይ ትታ ከሄደች ማን ያነብልኛል? ቅዳሜ እንወጣለን። መኪናው በደጇ ያልፋል።»

አያሃ ሄጄ እንዳሉት ነገርኳት። ከራሴ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ዓሻ ወተቷን እየቀዳች ትሰማለች። ያዝ አደረገችና፣ «ያቺ አሮጊት አሁን ውሃ ከየት ነው የምትቀዳው?» ብላ ልጇን ጠየቀቻት።

ዛምዛም ተነስታ የእናቷን ብርድ ልብስ ማራገፍ ጀመረች።

ሚያዝያ 14

ቅዳሜ። መኪናው ሲመጣ ዛምዛም በር ላይ ቆማ ነበር አሉኝ።

ግንቦት 11

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ጁምዓ ስለሆነ ከታጁ ጋር ሄድኩ። ማሽኑ ከሩቅ ይሰማል። ሰው ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ሜዳው በሰውና በግመል ሞልቷል። ማሽኑ ይጮሃል፣ አቧራ ይተፋል፣ አቧራ... ከዚያ አቧራው ጠቆረ። ጭቃ ሆነ። አንድ ሠራተኛ ጮኸ። ከዚያ ከመሬት ወደ ላይ፣ ከማሽኑ በላይ፣ ውሃ! ቡናማ፣ ቀጥሎ ግራጫ፣ ቀጥሎ ነጭ። ፀሐይ መታው። የሰው ሁሉ ድምፅ አንድ ላይ «አላሁ አክበር» አለ። ታጁ፣ ያ የማያውቀው ነገር የሌለው ሰውዬ፣ ጥምጣሙን አውልቆ አይኑን ይጠርጋል።

እኔ ግን የማየው እሷን ነው። እስከ ቅንድቧ ጭቃ ናት። ሰው ሁሉ ሲዘል እሷ ጎንበስ ብላ በጣሳ ቀዳች፣ ቀመሰች፣ አሰበች። ደግማ ቀመሰች። ኢንጂነሩ አጠገቧ ቆመው አፏን ያያሉ። ይጠጣል ብላ ራሷን ስትነቀንቅ ነው እሳቸውም የሳቁት።

አላየችኝም። ደስ አለኝ አለማየቷ። ሥራዋ ላይ ነበረች።

ይሄ ውሃ ስንት ሺህ ዓመት እዚያ ተቀምጦ ነበር? ከእኛ በፊት፣ ከከተማው በፊት፣ ከጦርነቱ በፊት... ስሟስ? ዛምዛም፣ በበረሃ የፈለቀው የተቀደሰ ውሃ ስም! እናቷ ስታወጣላት ምን አውቃ ነው?

ሰኔ 15

ዲኑ ጠሩኝ። ስልክ ድርጅቱ ሁለቱንም ልጆች በቋሚነት አስቀርቷቸዋል። ክሊኒኩም። ዛምዛም ከሰኔ ጀምሮ ቋሚ ሆናለች። ቤተ መጻሕፍቱ ሌላ ክፍል ይፈልግ ተባለ። ለመስኮቱም መስታወት ይገባልሻል አሉኝ።

ሐምሌ 13

ምረቃ። አዳራሹ ጢም ብሏል። የዘንድሮዎቹ ጥቁር ጋውን ለብሰው ሲገቡ አዛውንቶቹ ሁሉ ተነሱ። የራሳቸው ልጅ ያልሆነውንም እያዩ ያለቅሳሉ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን አገባኝ?

ዓሻ አጠገቤ ናት፣ አዲስ ድሪዕ፣ የሶማሌ ቀሚስ፣ ለብሳለች። ብቻዋን። እንግዲህ ልጂቱ የት ቀረች አልኩ በሆዴ። ልጠይቃትም ፈራሁ።

ስም መጥራት ጀመሩ። አንዱ ሲጠራ ጭብጨባ፣ እልልታ። ዛምዛም ሲባል... ማንም አልተነሳም። ደግመው ጠሩ። ሰው ዞር ዞር ማለት ጀመረ። መድረክ ላይ ያሉት ወረቀቱን ወደ ጎን ሊያደርጉት ሲሉ፣ ዓሻ ከወንበሯ ብድግ አለች። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ ሚኒስትር ባለበት፣ ወተት ገዢ በምትጠራበት ድምጿ፦

«ሥራ ላይ ናት!»

መድረክ ላይ ያሉት ወረቀቱን እንደያዙ ወደ እሷ ዞሩ።

«ውሃ እየቆፈረች ነው! ልጄ ሥራ ላይ ናት!»

መጀመሪያ ከኋላ ነው የተጀመረው፣ ተማሪዎቹ። ከዚያ ሁሉም። ጭብጨባው ጣሪያውን የሚያነሳው መሰለኝ። ዓሻ ግን አልተቀመጠችም። ሻሿን አስተካከለችና የልጇን ዲግሪ ልትቀበል ወደ መድረኩ ወጣች።