አቶ ገብረመስቀል ዘርጋ፦ የአራዳን ሰገነቶች ያቆዩ አናጢ

አቶ ገብረመስቀል ዘርጋ በወላይታ ሶዶ ከተማ፣ አራዳ ሰፈር፣ መስከረም 18 ቀን 1938 ዓ.ም.፣ የመስቀል ድግስ ገና ሳይነሣ ተወለዱ። አባታቸው አቶ ዘርጋ ሽብሩ ከጉራጌ ምድር ከእዣ መጋዝና መዶሻ ይዘው የመጡ አናጢ፣ እናታቸው ወይዘሮ አስናቀች ቦልቴ ደግሞ የቦዲቲ ተወላጅ ነበሩ። በሁለቱም ወገን ቋንቋ ስላደጉ “ስስቅ በወላይትኛ፣ ስቆጣ በጉራግኛ፣ ስጸልይ በአማርኛ ነው” ይሉ ነበር። ሲቆጡ ያየ ሰው ግን ብዙም የለም።

ፊደል በቄስ ትምህርት ቤት ቆጥረው፣ ዘመናዊውን ትምህርት በሶዶ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታተሉ። በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ፣ በዝምታ ደግሞ መጨረሻ እንደነበሩ አብሮ አደጋቸው አቶ ኸይሩ አብደላ ዛሬም ይመሰክራሉ። በ1954 ዓ.ም. ከአባታቸው ጋር በአናጢነት ተሰማሩ።

በ1963 ዓ.ም. ወደ ተበላ ከተማ ወርደው በአቶ እሸቴ ቤት አንድ በር እንዲገጥሙ ተጠሩ። ለዚያች አንድ በር ስድስት ጊዜ ተመላለሱ። በስድስተኛው ቀን አቶ እሸቴ፣ “ይህ ልጅ የሚለካው በሩን ነው ወይስ ልጄን?” ብለው ጠየቁ። ሽማግሌ ተላከ፤ ጥር 1964 ዓ.ም. ከወይዘሮ ብርነሽ እሸቴ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። መልአኩን፣ ፅዮንንና ዘማሪን ወልደው አሳደጉ፣ አስተማሩ፣ ለወግ ማዕረግ አበቁ።

የአቶ ገብረመስቀል ስም ከሶዶ ከተማ ጋር ተያይዞ የሚነሣው ግን በአራዳ ዋና መንገድ የላይኛው ረድፍ ላይ ባሉት ቤቶች ምክንያት ነው። እነዚያ ባለ አንድ ፎቅ አሥራ አንድ ቤቶች የጥንት ነጋዴዎች ከታች እየነገዱ ከላይ የኖሩባቸው፣ ግድግዳቸው ጭቃ፣ ምሰሷቸው ዝግባ፣ ፊታቸው የእንጨት ሰገነት ነው። ከጊዜ በኋላ ብዙዎቹ የቀበሌ ቤት ሲሆኑ አዳሽ አጡ። አቶ ገብረመስቀል ቅዳሜ ከሥራ ሲወጡ መሰላላቸውን ተሸክመው ይሄዱና የላላውን ያጠብቁ፣ የበሰበሰውን ይቀይሩ ነበር። ማን እንዳዘዛቸው ሲጠየቁ፣ “ቤቱ ራሱ ጠራኝ” ብለው ያልፉት ነበር።

በ2000 ዓ.ም. መንገዱን ለማስፋት ሲታሰብ በአሥራ አንዱም ቤቶች ላይ የሚፈርሱ መሆናቸውን የሚያሳይ ቀይ ምልክት ተቀባ። ያን ቀን አቶ ገብረመስቀል ምሳ አልበሉም። በማግስቱ ሜትርና ደብተር ይዘው ወጡ፤ ሰባት ወር ሙሉ እያንዳንዱን ቤት ለክተው፣ ሥለው፣ ማን እንደሠራውና ማን እንደኖረበት ከአረጋውያን ጠይቀው ጻፉ። ከዚያ ደብተሩን ይዘው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ተነሡ። አንድ ተሰብሳቢ፣ “አባባ፣ ይሄ እኮ ጭቃ ነው” ቢላቸው፣ “ጭቃውማ ጭቃ ነው፤ ውስጡ ያለው ዝግባ ግን ከአንተም ከእኔም ይጠነክራል። መጥታችሁ ንኩት” አሉ።

የመንገዱ ሥራ መሐንዲስ አቶ ጩማ እውነትም መጡ። አቶ ገብረመስቀል ልስኑን ፋቅ አድርገው መዶሻውን ሰጧቸው። መሐንዲሱ ምሰሶውን ደጋግመው መቱት፤ እንደ ደወል ጮኸ።

“ቤቶቹ ደህና ናቸው” አሉ አቶ ጩማ። “መንገዱ ግን መስፋቱ አይቀርም። ከመንገዱ ማዶ፣ ከታችኛው ረድፍ አራት ሜትር የሚለቅ ካልተገኘ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም።”

በታችኛው ረድፍ መጀመሪያ ላይ የቆመው፣ ከተሠራ ዓመት ያልሞላው የብሎኬት ወርክሾፕ የራሳቸው የአቶ ገብረመስቀል ነበር። ሃያ ዓመት ገንዘብ አጠራቅመው የሠሩት ነው። ዘወር ብለው አዩትና፣ “ከእኔ ጀምሩ” አሉ።

ቤት ገብተው ለወይዘሮ ብርነሽ ሲነግሯቸው፣ ወይዘሮ ብርነሽ፣ “ሳታማክረኝ ማድረግህን አልረሳልህም” አሉ። “መቼ ነው የሚፈርሰው? ቆርቆሮውን እኛው እናውርደው፤ ሌላ ሰው ያጣምመዋል።” በቀጠሮው ቀን ከባለቤታቸው ቀድመው የተገኙት ወይዘሮ ብርነሽ ነበሩ። ይህን ያዩ ጎረቤቶች አንድ በአንድ አራት አራት ሜትር ለቀቁ። ከአሥራ አንዱ ቤቶች ዘጠኙ ተረፉ። መንገዱ በሚታጠፍበት ማዕዘን ላይ የነበሩት ሁለቱ ግን አልተረፉም፤ ሲፈርሱ አቶ ገብረመስቀል ባርኔጣቸውን አውልቀው እስከ መጨረሻው ቆመው አዩአቸው።

ከዚያ በኋላ ሥራቸውን በግቢያቸው ጓሮ ቀጠሉ፤ በእድሜ የገፋውን እንጨት መጠገን ለአሥራ ዘጠኝ ወንዶችና ሴቶች አናጢዎች አስተማሩ። በ2009 ዓ.ም. የሰገነቶቹ እድሳት ተጠናቆ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታና መስቀል ተከታትለው ሲከበሩ፣ ሰገነቱ ሰው አይችልም የሚል ወሬ ተናፈሰ። የሰባ አንድ ዓመቱ አዛውንት የእድራቸውን ሽማግሌዎች ሁሉ አስከትለው ወጡና እዚያው ላይ የጉራጌ ጭፈራ ጀመሩ። አቶ ኸይሩ የመወጣጫውን መደገፊያ ጨብጠው፣ “ገብሬ፣ ቢወድቅ አብረን ነው” ቢሏቸው፣ “ለዚህ እኮ ነው የጠራሁህ” አሏቸው። ከታች የቆመው ሕዝብ አጨበጨበ፤ ሰገነቱ አልተነቃነቀም።

አቶ ገብረመስቀል ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ረቡዕ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ79 ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። አምሳ ሁለት ዓመት አብረዋቸው የኖሩትን ወይዘሮ ብርነሽን፣ ሦስት ልጆችን፣ እንዲሁም ባርኮትንና ሳሌምን ጨምሮ ሰባት የልጅ ልጆችን ትተው አልፈዋል።

በመጨረሻው ሳምንት ፅዮንን ወደ አልጋቸው ጠርተው፣ “በአቋራጭ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዳትወስዱኝ” አሏት። “በላይኛው ረድፍ ዙሩ። ሰዉም አንገቱን ደፍቶ አይሂድ፤ ቀና ብሎ ይይ።” ስለዚህ ዛሬ በዚያ በኩል እንሄዳለን። አቶ ኸይሩና ጎረቤቶቻቸው ከማለዳ ጀምሮ የዘጠኙንም ቤቶች መስኮቶች ከፍተው እየጠበቁን ነው።

እጃቸውን የባረከ አምላክ ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለወይዘሮ ብርነሽና ለመላው ቤተሰብ ብርታቱን ይስጥልን። አሜን።