ጳጉሜን የማያውቅ ፕሮግራም

ሰኞ፣ ሰኔ 8 ቀን 2007
ዛሬም ባዶ ነጭ ሣጥን። ርእሱ አለ፣ ቁጥሮቹ አሉ፣ መስመሩ የለም። አምና ዓመት ሙሉ ጉድጓድ ለጉድጓድ እየዞርኩ የውኃ ከፍታ የለካሁት ይህን ለማየት ነው? ስታቲስቲክሱን የሚሠራው ፕሮግራም ደህና ነው፤ የሚጫወትብኝ ግራፍ እንዲሥልልኝ የጫንኩበት ቅጥያ፣ ፕለጊኑ ነው። ተሳስተሻል እንኳ አይልም። ዝም! ዓርብ የማስተርስ ጥናቴን አቀርባለሁ። አማካሪዬ ቅዳሜ ውጭ አገር ይሄዳሉ። ዓርብ ካመለጠኝ ለከርሞ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9
አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። ባዶ። ላፕቶፑን ሮማናት ሰፈር ጥገና ቤት ወሰድኩት፤ ጠጋኙ "ቫይረስ ነው" ብሎ አጸዳው። ባዶ። ዓዲ ሓቂ ሰፈር አብራኝ ክፍል የተከራየችው ለታይ ትናንት ፍላሿን ሰክታበት ነበርና ጮኽኩባት። እሷ ግን ሽሮ አቀረበችልኝ። አፈርኩ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 10
መረጃውን በየወሩ ቆራረጥኩት። መስከረም ተሣለ! ስጮኽ ለታይ ማማሰያ ይዛ መጣች። ጥቅምት፦ ባዶ። ከኅዳር እስከ ነሐሴ ሁሉም ተሣሉ። ጳጉሜ፦ ባዶ።

ጥቅምትን ቀን በቀን ጨመርኩ። እስከ 28 ይሥላል፤ 29 ሲገባ ይጠፋል። ሁለተኛው ወር፣ ሃያ ስምንት ቀን... ፌብሩዋሪ!

ቀኑን እንደለመድኩት በኛ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ፤ ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ሁለተኛው ወር 29 እና 30 ሲኖረው አልገባውም፤ ዐሥራ ሦስተኛ ወርማ ጭራሽ። እነዚያን ቀናት ባዶ አደረጋቸው፣ ፕለጊኑም ባዶ ቀን ሲያይ ምንም አይሥልም። ለታይን ይቅርታ ጠየቅኳት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 11
አማካሪዬ ጋ ደወልኩ። "ጊዜ የለሽም፤ እምቢ ያሉትን ቀናት ሰርዢና አትሚ" አሉኝ። ሰረዝኩ። ግራፉ ወጣ፤ ያምራል። ግን የጥናቴ ድምዳሜ ውኃው ጫፍ የሚደርሰው ጳጉሜ ላይ ነው የሚል ነው። ጳጉሜን ሰርዤ ምን ላወራ ነው? ተናደድኩ፣ ፈራሁም። የሰረዝኳቸውን ቀናት መልሼ አስገባኋቸው።

ያልለካሁባቸው ቀናት ስላሉ አንዱን ቀን ቀይሬ የቀረውን በማውስ ጎትቼ መሙላት አልቻልኩም። ለታይ ከሥራ መልስ ሁለቱም አቆጣጠር ያለበትን የአምናውን ካላንደር እያየች ቀኑን በፈረንጅ ጠራችልኝ፣ እኔ ጻፍኩ። መሀል ላይ መብራት ሄደ። ደግነቱ ባትሪው አላሳፈረኝም። አመሻሽ ላይ መስመሩ ሳይቆረጥ መጣ። ለታይ "እሰይ ሓፍተይ!" ብላ እንደ እህት አቀፈችኝ።

ዓርብ፣ ሰኔ 12፣ ሚካኤል
አቀረብኩ። ፈታኙ ሲስቁ ታይተው የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው። የመስመሩን ጫፍ ጠቁመው፣ "ይህ ሴፕቴምበር 8 በኛ ስንት ነው?" አሉ።

"ጳጉሜ ሦስት።"

"ሩፋኤል! እኛ ልጆች ሆነን ዝናቡ ውስጥ የምንዘልበት ቀን!" ሳቁ። አማካሪዬ ወረቀታቸውን ማገላበጥ ጀመሩ።

ከዚያ ሌላ ብዙ ጠየቁኝ፤ ግማሹን የመለስኩ አይመስለኝም። ውጤቱ ሰኞ ነው። ለታይ ደጅ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት።

"ከመይ ነበር? አለፍሽ?"

"እንጃ" አልኳት። "ግን ጳጉሜን ጠየቁኝ፤ ነበረችኝ።" ያኔ ነው እንባዬ የመጣው።