ለጋሼ አስፋው የሚሆን ሽቦ

ኅዳር 3፣ ረቡዕ፤ ከሥራ መልስ

ጥጡ ደግሞ ነዷል። በሁለት ሳምንት ሦስተኛው። አውጥቼ ጣልኩት፤ ጣቴ እስካሁን ይከረፋል። ሽቦውን አጸዳሁ፣ አዲስ ጥጥ ከተትኩ። ነገ ጥዋት ከሥራ በፊት አደርስላቸዋለሁ።

ደብተሬ፣ ከመስከረም ወዲህ አልገለጥኩሽም፤ ስለዚህ ባጭሩ ልንገርሽ። ጋሼ አስፋው፣ ታላቅ ወንድሜ። 69 ዓመታቸው ነው፤ አርባ አምስቱን አጭሰዋል። ወደዚህ አገር ያመጡኝ እሳቸው ናቸው። ዶ/ሯ ሳምባቸውን አይታ አልሸፋፈነችም፦ ሲጋራው ካልቆመ ይህን ዊንተር ያለ ኦክሲጅን አይወጡትም። በኒኮቲን ማስቲካ ሞከሩ፣ ቆዳ ላይ በሚለጠፈው ሞከሩ። አልሆነም። ቬፕ፣ የኤሌክትሪክ ሲጋራ፣ ገዛሁላቸው።

ነገሩ ቀላል ነው። ባትሪ፤ ከላዩ ፈሳሽ የያዘ ትንሽ ታንክ፤ ታንኩ ውስጥ የተጠመጠመ ሽቦ፤ በሽቦው መሀል ጥጥ። ጥጡ ፈሳሹን ይጠጣል፣ ሽቦው ይግላል፣ ፈሳሹ ይተናል። ፈሳሹ አልቆ ከተሳበ ጥጡ ይነዳል። የጋሼ ዓይን ደግሞ ፈሳሹ የት እንደደረሰ አያይም። ይነዳል፣ ጉሮሮ ይላጣል፣ ሳል ይነሳል፣ ቬፑ መሳቢያ ይገባል።

ሽቦውን የምጠመጥመው ራሴ ነኝ። ካንታል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሽቦ ነው። ሃያ ዓመት የሕንፃ ማሞቂያ ስጠግን አንድ ቀን አላሳፈረኝም።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ዳንፎርዝ መንገድ። የቬፕ ሱቅ። ባለቤቱ ቤንጋሊ ነው፤ ሽበታም፣ ችኮላ የለበትም። ችግሬን ነገርኩት። ሙቀት የሚቆጣጠር መሣሪያ አለ አለኝ። ዲግሪውን ትሞላለህ፣ ከዚያ ካለፈ ኃይሉን ይቆርጣል። ጥጥ አይነድም።

በምን ያውቃል? ውስጡ ቴርሞሜትር የለም። ሽቦውን ራሱን ነው የሚለካው። ሽቦ ሲግል ለኤሌክትሪክ ማለፊያ እየከበደ ይሄዳል፤ መሣሪያው ያንን ክብደት በኦም ያነብና ሙቀቱን ያሰላል። የትኛውን ሽቦ ነው የምትጠቀመው አለኝ። ካንታል። ሳቀብኝ። ካንታል በርዶም ቀልቶም ልኩ ያው ነው። መሣሪያው ምንም አይሰማም።

ሃያ ዓመት ያመሰገንኩለት ጠባይ። እንዴት ራሴ አላሰብኩትም።

ሦስት ጥቅል ደረደረልኝ። ኒኬል፦ ልኩ በደንብ ይለዋወጣል፣ ግን እንደ ክር ይልፈሰፈሳል፤ ቅርጹን አይይዝም። ቲታኒየም፦ ጠንካራ፣ ጥሩ ይነበባል። ግን እኔ ሽቦ የማጸዳው ቀይ እስኪሆን አግዬ ነው፤ ቲታኒየም ያን ያህል ከጋለ የሚያወጣው ዱቄት ለሳምባ አይሆንም አለ። ለየትኛው ሳምባ እንደምገዛ አልነገርኩትም ነበር። ስቲል፦ ለውጡ ትንሽ ነው፤ መሣሪያው ጠንቃቃ ካልሆነ ይሳሳታል። ግን ቢቀላም አይከፋም። ስቲል ወሰድኩ።

ከመሣሪያዎቹ አንዱ ባለ ሁለት ባትሪ ነው፣ እንደ ጡብ ይከብዳል፣ የጋሼን ኪስ ይቀድዳል። አንዱ ያምራል፣ ቁጥሩ የጉንዳን ዓይን ያህላል። ሦስተኛው ባለ አንድ ባትሪ፣ አስቀያሚ፣ ቁጥሩ ትልቅ። እሱን።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ክሬሰንት ታውን፣ ጋሼ ቤት፣ 19ኛ ፎቅ። አዲሱን የተጠመጠመ ሽቦ አስሬ 210 ዲግሪ ሞላሁ። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ። ፈሳሹ ምንድን ነው አሉ። ግሊሰሪን አልኳቸው። ከምን የሚወጣ? ከአትክልት።

«እንግዲያው የጾም ነው» አሉ። «ሲጋራም የጾም ነበር፤ እይ የት እንዳደረሰኝ።»

መሣሪያውን ለመፈተሽ ሽንት ቤት ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ አየር መሳቢያውን ከፈትኩ፣ ሁለቴ ሳብኩ። ንጹሕ። 54 ዓመቴ ነው። ጋሼ ፊት አጭሼ አላውቅም። ሲጋራ ያጨስኩባቸውን አሥራ ሁለት ዓመታት ሸሸግኳቸው፤ አሁን እኔም ቬፕ ኪሴ እንዳለ እሸሽጋለሁ። እሳቸው ደግሞ ከታመሙ ወዲህ እኔ ፊት አይስቡም። ሳላቸውን እንዳላይ ነው። እኔ ሽንት ቤት፣ እሳቸው በረንዳ። ሁለት ሽማግሌ።

ከበረንዳው ሲመለሱ አልሳሉም። ጥሩ ቀን።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ስልክ። ነዷል።

ሄድኩ። ፈሳሹ ግማሽ ድረስ አለ። ስለዚህ ከድርቀት አይደለም። መሣሪያው 0.53 ኦም ይላል፤ እኔ የጠመጠምኩት 0.50 ነው። ብሎን ሲላላ እንዲህ ያደርጋል። ፈትቼ አጠበቅሁ፤ 0.50 ሆነ። ጥጡን ቀየርኩ። ጋሼ ቴሌቪዥን ያያሉ፣ ወደኔ አይዞሩም።

በአሳንሰሩ ስወርድ ተስፋ የቆረጥኩት እኔ እንደሆንኩ ገባኝ፤ እሳቸው ሳይሆኑ።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ዛሬ 0.54። ጥጡ ጥቁር። ብሎኑ አልላላም። ሽቦው የውሸት ስቲል ይሆን? ከሌላ ሱቅ ሌላ ጥቅል ገዛሁ። ዲግሪውን ወደ 190 አወረድኩ።

ጋሼ፦ «ደረጀ፣ የነደደ ፍራሽ ነው የምታጨሰኝ?»

ሜሮን ከሥራ ገባች። ልጃቸው ናት፤ አብራቸው ነው የምትኖረው። ጠረጴዛው ላይ የዘረጋሁትን ሽቦ፣ መቀስ፣ ጥጥ አየች። ካፖርቷን ሳታወልቅ፦

«አንክል፣ ለራስህ ሆቢ አገኘህ እንጂ ለአባዬ መላ አላገኘህም።»

ዕቃዬን ሰበሰብኩ። ስንት ምሽት በሽቦ ላይ እንዳጎነበስኩ ቆጠርኩና ተውኩት። ግማሹን ጊዜ ደስ ብሎኛል። ይህን ላንቺ ብቻ ነው የምጽፈው።

ታኅሣሥ 10፣ ዓርብ

የጋሼን መሣሪያ ወስጄ አራት ቀን እኔ ሳብኩበት። ያው ሽቦ፣ ያው ጥጥ፣ ዲግሪው ተመልሶ 210። አልነደደም። ወተት የመሰለ ጥጥ። እንግዲህ ጥፋቱ የሽቦው አይደለም። የሰውየው ነው።

ይህን በሆዴ ይዤ ሄድኩ። ስህተቱ እዚያ ላይ ነው። ካፖርቴን ልሰቅል ስል የሳቸው ካፖርት ወደቀ፤ ከኪሱ ፓኮ ወጣ። ውስጡ አራት ሙሉ ሲጋራ፣ ሦስት ቁራጭ። ግማሽ ድረስ ተጨሶ፣ ጫፉ በጣት ተቀንጥሶ የጠፋ። የድሮ ልማዳቸው ነው። አንድ ሲጋራ ባንድ ጊዜ አይጨርሱም፤ ያጠፉታል፣ ያስቀምጡታል፣ ይመለሱበታል።

ጮህኩ። ጥጡን ሆን ብለው ነው የሚያነዱት አልኳቸው። ወደ ሲጋራዎ ለመመለስ ሰበብ ፈልገው ነው፣ እኔን እያሞኙ ነው አልኩ። በዕድሜዬ እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም። ጋሼ ፓኮውን ከእጄ ተቀበሉ፣ ኪሳቸው ከተቱ፣ ካፖርቱን መልሰው ሰቀሉ። ፊታቸው ላይ ምንም አልተለወጠም።

«ጨረስክ?» አሉ። «በሩን ስትወጣ ሳበው።»

መሣሪያውን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ

ዘጠኝ ቀን አልደወልኩም። አልደወሉም።

ዛሬ ጥዋት ሜሮን ደወለች። አምቡላንስ። ሌሊቱን መተንፈስ አቅቷቸው አልጋ ላይ ተቀምጠው ነው ያነጉት፤ ልጃቸውን ላለመቀስቀስ። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኖ አገኘቻቸው።

ሆስፒታል እስከ ማታ። አፍና አፍንጫቸው ላይ ጭምብል። ሲያዩኝ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ተኝተው ይሁን ተቀይመው አላውቅም።

ታኅሣሥ 22፣ ረቡዕ

ደህና እየሆኑ ነው። ጭምብሉ ወርዶ በአፍንጫ የሚገባ ቀጭን ቱቦ ሆኗል።

ነርሷ ልብሳቸውን በፌስታል ሰጠችኝ፣ ቤት ይመለስ ብላ። ኪስ ፈተሽኩ። በቀኝ ኪስ መሣሪያው፣ ታንክ የለውም። በግራ ኪስ የመነጽር ማኅደር። ከፈትኩት፤ መነጽር የለም፣ ታንኩ ብቻ፣ በመሐረብ ተጠቅልሎ።

«ጋሼ፣ ይህን ለምን ለያዩት?»

አልተቆጡም። እንደ ልጅ አስረዱኝ። ሲበቃኝ አጠፋዋለሁ አሉ። ፈትቼ። እሳት ኪስ ውስጥ ተይዞ አይዋልም። ከትንሽ ቆይታ በኋላ ሲያምረኝ አስረዋለሁ።

«ሲያስሩት መሣሪያው የሚጠይቅዎት ነገር የለም?»

«አለ እንጂ። አዲስ ነው? ይላል። አዎ እለዋለሁ። አዲስ እየለኮስኩ አይደል?» ትንፋሽ ወሰዱ። «ደግሞ እዚህ አገር ለጠየቀ ሁሉ አዎ ብዬ ነው የኖርኩት፤ አሳልፎኛል።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ያው ቀን፤ ቤት

ወጥ ቤት ሞከርኩት። አምስቴ ሳብኩ፣ ሽቦው እንደጋለ ታንኩን ፈታሁ፣ ወዲያው አሰርኩ። መሣሪያው ጠየቀ፦ አዲስ ሽቦ ነው ወይስ የድሮው? አዲስ አልኩ። 0.53። ይኸው።

ቀዝቃዛው ልክ 0.50 ነው። መሣሪያው የሚነሳው ከዚያ ነው። የጋለውን ሽቦ ቀዝቃዛ ነው ብለው ሲነግሩት ያምናል፤ ሙቀቱን ሁሉ ከዚያ በላይ ይቆጥራል። 210 እያለ 280 ያነዳል። ደግመው ቢያጠፉት፣ ደግመው አዲስ ቢሉት፣ ከዚያም በላይ። ለሦስተኛ ጊዜ ስስብ ጥጡ ነደደ። እኔም ሳልኩ።

ሲስቡ አጠገባቸው ሆኜ አንድ ጊዜ ባይ ኖሮ በአንድ ደቂቃ አውቀው ነበር። እኔ ሽንት ቤት ነበርኩ።

ታኅሣሥ 27፣ ሰኞ

ወደ ቤት ተመለሱ። ዶ/ሯ አስቀድማ ነግራናለች፦ ኦክሲጅን፤ ከእንግዲህ ሁልጊዜ። ማሽኑ በዓሉ ካለፈ በኋላ ሐሙስ ጥዋት ይመጣል። እስከዚያ አርፈው ይቀመጡ፣ ደረጃ አይውጡ።

ሕጉን የያዘ ወረቀት ሰጡን። ኦክሲጅን ባለበት ቤት ሲጋራ የለም፣ ሻማ የለም። ቬፕም የለም፣ የሚግል ሽቦ ነውና። ሜሮን ጮክ ብላ አነበበችው። ስትጨርስ አየችኝ። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

መሣሪያው አሁን በትክክል ይሠራል። አዲስ ጥጥ፣ 0.50፣ 210። ኪሴ ውስጥ ነው።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ሜሮን ከቤ/ክ መልስ ተኛች። ጋሼ ካፖርታቸውን ለበሱ፤ ታች እንውረድ አሉ። ብርድ ነው ብል፣ ከዚህ በላይ ብርድ የት ያደርሰኛል አሉ። በአሳንሰር ወረድን። ከሕንፃው በስተጀርባ አግዳሚ ወንበር አለ፤ በረዶውን በክንዴ ጠረግሁ።

ስለዚያ ቀን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እጃቸውን አወዛወዙ፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው።

«ይዘኸዋል?»

ሰጠኋቸው። አልተቀበሉም። «መጀመሪያ አንተ።»

አላጨስም ልል አፌን ከፈትኩ።

«ተው ባክህ። ስንት ዓመት ካፖርትህን ሳሸት። አንተ የምትደበቅ፣ እኔ የማላውቅ። ጎበዝ ነን።»

ሳብኩ። እሳቸው ፊት። ከብርዱ ይሁን ከሌላ ዓይኔ አለቀሰ። አቀበልኳቸው። በዝግታ ሳቡ፣ ያዙት፣ ለቀቁት። ሳል ጠበቅሁ። አልመጣም።

«ይሄማ ጥሩ ነው» አሉ። ተገርመው። «ይሄኔ ነው ጥሩ የሚሆነው?»

ነገ ኦክሲጅኑ ከመምጣቱ በፊት እሄዳለሁ። የሳቸውን መሣሪያ ከቤት አውጥቼ እጥላለሁ፣ ሽቦውን፣ ጥጡን፣ ፈሳሹን፣ ከካፖርታቸውም ፓኮውን። የኔንም። ሜሮን ከእንግዲህ የምሽት ሥራ አላት፤ ምሽቱን እኔ ነኝ የምቀመጠው፤ ኪሴ ይዤው ልገባ አልችልም። መኪና ውስጥም አላስቀምጠውም፤ ወርጄ እመለስበታለሁ። ዛሬ አብረን መሳባችንንም ለሜሮን እነግራታለሁ። ትጩህ።

ዛሬ አግዳሚው ላይ ሦስቴ ሳቡ። ከዚያ እንደጋለ ፈቱት፤ ታንኩን በመሐረብ ጠቅልለው ማኅደሩ ውስጥ ከተቱ፣ ክዳኑን ቀጭ አደረጉ።

«ጠፋ» አሉ።

አዎ ጋሼ፣ ጠፋ አልኳቸው።